ያልከፈትኩት ፖስታ

በጋዜጠኝነት እንጀራዬን የበላሁ ሰው የራሴን ደብዳቤ ሳላነብ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው።

ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ እምብርቴ አካባቢ የጀመረኝ ሕመም ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደ። ክትፎው ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ሲብስብኝ ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝና እዚሁ ኮለምበስ ትርፍ አንጀቴ ወጣልኝ። ተገላገልኩ አልኩ። በኋላ ፖስታ ሲመጣ ሒሳብ መስሎኝ ፍሪጁ ላይ ጣልኩት። ስልክም ተደወለ፤ የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ አላነሣሁም።

በመጨረሻ የከፈተችው ባለቤቴ ናት። የወጣው ትርፍ አንጀት ሲመረመር ጫፉ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ካንሰር።

ሐኪሙ እንዳስረዱኝ ይህ በሽታ እምብዛም አይታይም፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው እንደኔ ለሌላ ሲቀደዱ ነው። የኔው ዓይነት፣ ኒውሮኢንዶክራይን የሚባለው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ካልተሠራጨ የትርፍ አንጀቱ መውጣት ብቻ ይበቃል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ግን የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል አብሮ ይወጣል። ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጨው ዓይነት ሆድ ውስጥ ከተበተነ ደግሞ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ተለቅሞ፣ የሞቀ የካንሰር መድኃኒት በሆድ ዕቃው ውስጥ እንዲዘዋወር ይደረጋል። ይህ ሕክምና በከተማችን በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ካንሰር ሆስፒታል ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የተራቡ ሕፃናትን ለማየት መቐለ ድረስ የሄደችው ተዋናይት ኦድሪ ሄፕበርን በ1993 ያረፈችው በትርፍ አንጀት ካንሰር ነው። ገንዘብም ዝናም አልጎደላትም፤ በ1992 ሲታወቅ ግን ሆዷ ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር።

የኔው 8 ሚሊ ሜትር ነበር። ተረፍኩ፤ ግን በብልኅነቴ አይደለም። ቢበልጥ ኖሮ እነዚያ ሦስት ሳምንታት የማን ዕዳ ይሆኑ ነበር?

ከዚያም በኋላ ለዕቁብተኞቼ «ጨጓራ ነው» እያልኩ ዋሸሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማን አድገን፣ ካንሰርን ግን ስሙን እንኳ አንጠራም።

እኅት ወንድሞቼ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ «የወጣው ነገር ተመርምሮ ምን ተገኘበት?» ብላችሁ ጠይቁ። የውጤቱን ግልባጭ ተቀበሉ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጃችሁን የእናቷን ካንሰር እንድታስተረጉም አታድርጓት።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡም ፍሪጁ ላይ ያለውን ፖስታ ክፈቱት። ሒሳብ ከሆነ ቀስ ብሎ ይከፈላል።