ከቆርቆሮው በላይ የሚያልፉት

እናቴ ከአቀስታ ተነስታ እኔ ዘንድ የመጣችው የደም ግፊቷን ነገር ሐኪም እንዲያይላት ነበር። ጉጉፍቱን በብርድ አቋርጣ ደሴ አደረች፤ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስትንገላታ ውላ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባች። የምኖረው ቦሌ ሚካኤል ነው። ቤቴ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ኮርኒሷ በማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። አልጋውን ለእናቴ ለቅቄ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋሁ። መብራቱን አጥፍተን ጥቂት እንደቆየን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የመጀመሪያው ተነሳ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ልብ አላልኩትም። አምስት ዓመት የኖረበት ሰው ጆሮ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጆሮ ነው፤ የሚነቃው ድምፁ ሲቋረጥ ነው። እናቴ ግን ብድግ ብላ ተቀመጠች። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተንጫጩ።

«ምንድን ነው ልጄ? መሬቱ ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?»

«አይሮፕላን ነው እማዬ፤ ተኚ።»

ተኛች። ሁለተኛው መጣ። ከዚያ ሦስተኛው። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሰላት ውዱእ አድርጋ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «አስራ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት» አለችኝ። «ለመሆኑ እናንተ እዚህ አገር መቼ ነው የምትተኙት?»

ብዕሬን ያነሳሁት ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ ወጥቻለሁ፤ ስለ ብዙ ነገር ጽፌ የዕለት እንጀራዬን በልቻለሁ። ከራሴ ጣሪያ በላይ ስለሚያልፈው ነገር ግን አንዲት መስመር ጽፌ አላውቅም።

አቀስታ ላይ አይሮፕላን ብርሃን ነው። ልጆች ሳለን ማታ ደጅ ስንወጣ፣ ከከዋክብቱ መሐል አንዷ ተነጥላ ስትሄድ እናያለን። ድምፅ ቢኖራትም የደጋው ነፋስ ይወስደዋል። እናቴ አይሮፕላንን በቅርብ ያየችው በወጣትነቷ፣ ዘመድ ልትጠይቅ መካነ ሰላም በሄደች ጊዜ ነው። የመካነ ሰላም ማረፊያ ያኔ ተራ ሜዳ ነበር። አይሮፕላን ይመጣል በተባለ ቀን እረኞች ከብቱን ከሜዳው ያስወጣሉ። ባለ ሁለት ሞተሯ አይሮፕላን አቧራዋን አስነስታ ትወርዳለች፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ያያታል፤ እርሷም ሰዋንና ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ከብቱ ተመልሶ ይግጣል። «ጆሮ ትበጥስ ነበር እኮ፤ ግን ማን ይጠላታል?» ትላለች እናቴ። ደግማ እስክትመጣ ቀናት ያልፋሉና።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ያቺ የጥንት ዳኮታ ከዛሬዎቹ ጄቶች በንጽሕና አትበልጥም። እንዲያውም በእርሷ ዘመን የፒስተን ሞተሮች የሚጠጡት ቤንዚን እርሳስ የተቀላቀለበት ነበር። የዛሬ ጄት ኬሮሲን ነው የሚያቃጥለው፤ እርሳስ የለበትም። ልዩነቱ የድግግሞሹና የርቀቱ ነው። መካነ ሰላም ላይ ጩኸቱ እንግዳ ነበር፤ ቦሌ ሚካኤል ላይ ግን አብሮን የሚኖር ጎረቤት ነው።

ይህ ጎረቤት ግን እኛ ቤት አልመጣም፤ የመጣነው እኛ ነን። የአዲስ አበባ የቀድሞው አይሮፕላን ማረፊያ ልደታ አካባቢ እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ፤ «አሮጌው አይሮፕላን ማረፊያ» የሚባለው ሰፈር ስሙን ይዞ ቀርቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 ቦይንግ 720 ጄቶቹን ሲረከብ፣ የልደታው ሜዳ ለጄት የሚያጥር ስለነበር ማረፊያው ወደ ቦሌ ወጥቷል። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበረች። ከተማዋ ግን ተከትላው ሄደች። ዛሬ ከምዕራቡ አጥር ሥር ቦሌ ሚካኤል፣ በምሥራቅ በኩል ጎሮና ሰሚት ጣሪያ ለጣሪያ ገጥመዋል። እኔም ከነዚያ ጣሪያዎች አንዱን የተከራየሁት ኪራዩ ስለረከሰ ነው። ለምን እንደረከሰ አልጠየቅሁም።

ቦሌ ሌላም ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያጣል። ስለዚህ የተጫነ አይሮፕላን ብዙ ሮጦ ይነሳል፤ ከተነሳም በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ቀስ እያለ በወጣ ቁጥር ጩኸቱና ጭሱ ከጣሪያችን ሳይርቅ ይቆያል።

«ታዲያ ድምፅ ምን ያደርጋል? ይለመዳል» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እኔም እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። ጆሮ ይለምዳል፤ ደም ሥር ግን የሚለምድ አይመስልም። በስድስት የአውሮፓ ትላልቅ ማረፊያዎች አካባቢ በኖሩ ከ4,800 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ የሌሊቱ የአይሮፕላን ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር በደም ግፊት የመያዝ ዕድል በ14 ከመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጆሮ 10 ዴሲቤልን የሚሰማው ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊቱ የአይሮፕላን ድምፅ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል፤ እርሱን ተከትሎ የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነበር የፈቀደው። የእናቴ ደም ግፊት አቀስታ የጀመራት ነው፤ በቦሌ ላላክክ አልችልም። እኔ የማስበው አስርና ሃያ ዓመት እዚሁ የኖሩትን ጎረቤቶቼን ነው።

አየሩም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ከማረፊያው በነፋሱ አቅጣጫ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከሞተር የሚወጡ እጅግ ደቃቅ ብናኞች ከተለመደው መጠን ከፍ ብለው አግኝተዋል። እነዚህ ብናኞች ከመድቀቃቸው የተነሳ በዓይን አይታዩም፤ ወደ ሳንባ ግን ጠልቀው ይገባሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የሙኒክ ታሪክ ነው። የጀርመኗ ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌ ማረፊያዋን ዘግታ አዲስ ከፈተች። ተመራማሪዎች የሁለቱንም አካባቢ ልጆች ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። አዲሱ ማረፊያ የተከፈተባቸው ልጆች በንባብና በማስታወስ ወደ ኋላ ቀሩ፤ አሮጌው የተዘጋላቸው ደግሞ አገገሙ።

የአከራዬ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ እኔ ዘንድ መጥታ ጮክ ብላ ታነባለች። አይሮፕላን ሲያልፍ ሳታስበው ቆም ትላለች፤ ሲያልፍ ትቀጥላለች፤ ግን ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ዘልላ ነው የምትቀጥለው። የሙኒክን ነገር እስካነብ ድረስ እንዝህላል ናት እል ነበር። ተቆጥቻትም አውቃለሁ። ዛሬ ያ ቁጣ ያሳፍረኛል።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል መፍትሔው በሰነድ ተጽፎ ተቀምጧል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 አገሮች ነገሩን በአራት መንገድ እንዲይዙት ተስማምቷል። አንደኛ፣ ድምፁን ከምንጩ መቀነስ ነው። በዚህ የእኛ አገር ወደ ኋላ አልቀረችም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው፤ ይህ አይሮፕላን ከቀደሙት ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን መሬት ማን ምን እንደሚሠራበት መወሰን ነው። ሦስተኛ፣ አበራረርን ማስተካከል ነው፤ በደረጃ ደረጃ ሞተር እያስጮሁ ከመውረድ በአንድ ተዳፋት ተንሸራትቶ መውረድ፣ ቆሞ ሳለ በጅራቱ ያለችውን ትንሽ ሞተር አጥፍቶ ከመሬት መብራት መሳብ፣ ሲንደረደር በአንድ ሞተር መሄድ። እነዚህ ነዳጅም ይቆጥባሉ፣ ጭስም ይቀንሳሉ። አራተኛውና የመጨረሻው የሰዓት ገደብ ነው። ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከምሽቱ አምስት እስከ ንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት መደበኛ በረራ አታስተናግድም።

እኔም በአራተኛው ሌሊት፣ ይህ የፍራንክፈርት ገደብ ለእኛም ይሁን ብዬ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። እናቴ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«እህትህ የሄደችው በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ ድንገት።

እጄ ቆመ። ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ከዚሁ ከቦሌ፣ በሌሊት በረራ፣ የሸኘኋት እኔ ነኝ። እናቴ አቀስታ ሆና ነው የሰማችው።

«በአራት ተኩል» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ መቁጠሯን ተወች። አንዱ በተነሳ ቁጥር በጨለማው ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል። «አላህ በሰላም ያድርሳቸው። የማን ልጅ ትሆን?» የወሎን መንደሮች የሚያውቅ ሰው ይህን ጸሎት ያውቀዋል። የቆርቆሮ ክዳን የለበሰው ቤት፣ የታናናሾች የትምህርት ቤት ወጪ፣ የእናቴም የመድኃኒት ገንዘብ የሚመጣው በነዚህ የሌሊት በረራዎች ከሄዱት ልጆች ነው። ቦሌ ሌሊት ብትዘጋ ከአፍሪካ ከተሞች የመጣው መንገደኛ ከእስያና ከአውሮፓው በረራ ጋር አይገናኝም፤ የአየር መንገዱ አሠራር በዚሁ መገናኘት ላይ የቆመ ነው። ወረቀቴን አጠፍኩት።

«ታዲያ ዝም ይባል ነው የምትይው እማዬ?»

«መሄዱንማ ይሂዱ» አለችኝ። «አውድማ ግን በቤት ደጃፍ አይለቀለቅም። እብቁ ወዴት እንደሚሄድ ነፋሱ ታይቶ ነው። እዚህ ሥሩ ቤቱን የሠራው ማን ነው? ሲሠራስ ማን ዝም አለው?»

ተምሬ ያላየሁትን ያየችው ሳትማር ነው። ከአራቱ መንገዶች ሁለተኛው፣ የመሬቱ ጉዳይ፣ በልደታም በቦሌም የተረሳው ነው። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ዝውውር መጥቷል። ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በሚባለው ቦታ የታላቁ ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። ሲጠናቀቅ አራት መንደርደሪያዎች ይኖሩታል፣ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛም ያስተናግዳል ተብሏል። ገበሬዎች ለዚህ ሲባል ከመሬታቸው ተነስተዋል። እነርሱ በተነሱበት ዙሪያ ነገ ደላላው ቦታ ሸንሽኖ ቢሸጥ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ተከራይ ኪራዩ ረክሶለት ቢገባ፣ የልቅሶው ትርፍ ምን ይሆናል? የድምፁ ካርታ ከወዲሁ ይሠራ፤ የሚጮኸው መሬት ለመጋዘንና ለእርሻ ይተው፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከዚያ ክልል ይራቁ። ዛሬ ይህ በወረቀትና በማኅተም ያልቃል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን ማፍረስ ይጠይቃል።

ለቦሌ ሚካኤል ደግሞ ማንም በረራ ሳይሰረዝ የሚደረግ ነገር አለ። ድምፁ በየሰፈሩ ይለካ፤ ልኩም ለነዋሪው ይነገር። በበረራ መስመር ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ደህና ኮርኒስና መስኮት ይግባላቸው። በሌላው ዓለም የሚጮኸው አይሮፕላን ሲያርፍ ተጨማሪ የሚከፍልበት አሠራር አለ፤ ወጪው ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

እናቴ መድኃኒቷን ይዛ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ማታ ደጅ ወጥታ አንዱን በሰማዩ ላይ ሲያልፍ አይታ ዱአ አድርጋለት ገባች። «ድምፁ ሳይሰማኝ ነው ያለፈው» አለች። ቀጥላም «ያቺ ልጅስ ታነባለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

ታነባለች። ሰዓቱን አዛውረነዋል፤ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ከአስር እስከ አስራ አንድ፣ ሰማዩ ጋብ በሚልበት ሰዓት ነው የምናነበው። አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ደግሞ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።