ጥጥና ጠብታ

ለገና ዕረፍት አንበሳሜ ቤታችን ገብቼ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ አባቴ ጠየቁኝ። «አንተ ተማሪው፣ አንዱን በሬ ሽጬ ሞተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ሞተር ማለታቸው ጉማራ ዳር ሲያጓራ የሚውለውን የውሃ መሳቢያ ነው። እኔ የምማረው ሥነ ጽሑፍ። ዝም አልኩ።

እናቴ ከጎን ባዘቶዋን ይዛ እንዝርት ታሾራለች። ጥጡ የእኛ መሬት ያበቀለው አይደለም፤ ከወረታ ገበያ የተገዛ ነው። ወሬ ለመለወጥ ያህል ስለ አዋሽ ጥጥ ያነበብኩትን አወራሁላቸው። ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ያለማ እንደነበር፣ በ1967 ዓ.ም. እርሻው የመንግሥት እንደሆነ፤ አሚባራ ላይ ደግሞ ውሃው በቦይ ያለ ልክ ሲለቀቅ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ጨው ይዞ እንደወጣ።

«ጨው አመረቱ በለኛ!» አሉ አባቴ።

ይኸኔ የጠብታ መስኖን ነገር አመጣሁ። ስምሐ ብላስ የተባለ እስራኤላዊ መሐንዲስ የደከመበት ነው፤ ኔታፊም የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ሐጼሪም በሚባል ኪቡዝ የተቋቋመው በእርሱ ሐሳብ ነው። በየመስመሩ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፤ ሞተሩ ውሃውን ይገፋል፤ ማጣሪያው ደለሉን ያስቀራል፤ ጥጡ ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለለት ይጠጣል። ማዳበሪያውም ሟሙቶ በዚያው ቱቦ ይሄዳል። የሚከፍተውና የሚዘጋው በሰዓት የሚሠራ መሣሪያ ከሆነማ ሌሊት ቦይ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው የለም።

አባቴ ሳቁ። የጎረቤታችንን ቱቦ አስታወሱኝ። በርሜል ከነቱቦው ተሰጥቶት ነበር። ዳሩ ግን የጉማራ ውሃ ደለል አያጣውም፤ ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፤ ማጣሪያ የሚለውጥለት ቢፈልግ አጣ። አሁን ቱቦው የአጥር ማሰሪያ ሆኗል። ጥሩ ማሰሪያ ነው፣ አይበጠስም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ውሃውን የሚስበው መኪና ደርሶናል፤ ውሃውን የሚቆጥበው አልዘለቀም። በቦይ ጊዜ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ፤ ተራ ያወጣል፣ ተራ ያፈረሰውን ይቀጣል። ሞተር ያለው ሰው ምን ተራ ይጠብቃል? ነዳጅ እስካለው ይስባል። ጉማራ ከጉና ተነሥቶ ጣና እስኪገባ ስንቱ ይጠብቀዋል! በጋው ሲገፋ ወንዙ ይቀጥናል፣ ከታች በፎገራ ሜዳ ያሉት አሸዋ ይቆፍራሉ። ከታች ካሉት አንዱ አጎቴ ናቸው።

ታዲያ ምን ልበል? «አይግዙ» ብል ከእኛ በላይ ያሉት ገዝተዋል፤ የሚደርቀው የእኛ ሽንኩርት ነው። «ይግዙ» ብል የአጎቴን ውሃ ቀድመን ልንስብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠኋቸውም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም።

በአራተኛው ቀን በሬውን እየነዱ ገበያ ወጡ። ማታ በሬውን ይዘው ተመለሱ፤ ዋጋው አልተስማማቸውም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ። እናቴ ፈትሏን እያጠነጠነች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ለሚመጣው ገበያ ይደርሳል» አለች።