ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ግቤ ቁልቁለት፤ የጭነት መኪና ረዳት ስለሚማረው ትምህርት

በአገራችን ማናቸውም ሙያ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። ዜማና ቅኔ የሚማረው ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ የኔታ ጉባኤ ይሄዳል፤ ሸማኔው ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ መወርወሪያ ያስይዘዋል፤ አንጥረኛውም አስቀድሞ ወናፍ ያስነፋዋል። የጭነት መኪና መንዳት ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አዲስ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በዚያው በጥንቱ ልማድ ነው። ትምህርት ቤቱ ጋቢናው፣ መምህሩ ሾፌሩ፣ ደቀ መዝሙሩም ረዳት የሚባለው ልጅ ነው። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ስለዚህ ትምህርት ቤት መናገራችን፣ ልጁን ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ቤተሰብ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ለማን እንደ ሰጠው ጠይቆ የሚረዳ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ይህን ትምህርት ቤት በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይሂድ። ይህ ስፍራ በአንድ ወገን ወደ መርካቶ ይጠጋል፤ በሌላው ወገን በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ይወጣበታል። ቀለበት መንገዱ በ18 ማዞሪያ በኩል ያልፋል፤ የከተማው ባቡርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ከምዕራቡ አገር የሚመጣው ቡናና እህል በዚህ በኩል ይገባል፤ ከመርካቶ የሚጫነው ጨርቅ፣ ሳሙናና ቆርቆሮም በዚህ በኩል ይወጣል። በአጣና ተራ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጣና ሲወርድና ሲጫን ይውላል። ሌሊቱ ገና ሳይነጋ በየመንገዱ ዳር የቆሙት መኪናዎች ሞተራቸው ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ከጋቢናው የሚወርደው ረዳቱ ነው።

ለኮልፌ ሠልጣኝን ማስተናገድ እንግዳ ነገር አይደለም። ኋላ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የተቀበሉት በዚሁ በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ነው። እኛ ዛሬ የምንናገርለት ሠልጣኝ ግን ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የማይጻፍ፣ ልብሱ በናፍታና በግራሶ የተነከረ፣ እጁ በገመድ የሻከረ ልጅ ነው።

የዚህ ሙያ አመጣጥ እንዲህ ነው። አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣውም ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የጭነት መኪና ግን በብዛት የታየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ጠላት ለጦሩ ስንቅና መሣሪያ ማመላለሻ ብዙ ካሚዮን አስገባ፤ የጅማን መንገድ የመሰሉትንም ጐዳናዎች አስጠረገ። የእኛ ልጆች በጭነት ማራገፍና በጎማ መለወጥ እየተቀጠሩ ሙያውን በዓይናቸው ሰረቁ። ጠላት ከተባረረ በኋላ መሪውን የያዙት እነዚሁ ናቸው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም መንገዱ እየሰፋ፣ ባለ መኪናውም እየበዛ ሄደ፤ እነሱም በተራቸው ረዳት እያስቀመጡ አስተማሩ።

ትምህርቱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተላለፈ ምስክሩ የሙያው ቋንቋ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያንኛ ማንበብ የማይችል ረዳት ዛሬም በየቀኑ ይናገራቸዋል። መኪናው ከፊያት ወደ አይሱዙና ወደ ሲኖትራክ ቢለወጥም፣ ቃሉ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተወረሰ እስካሁን ቆይቷል። ቃሉ እንዲህ ከተወረሰ፣ ምግባሩም እንደዚሁ እንደሚወረስ መገመት አያዳግትም።

የረዳት ትምህርት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ፊደል ታኮ ነው። ታኮ መኪናው በቆመ ጊዜ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚደረግ እንጨት ወይም ድንጋይ ነው። መኪናው በአቀበት ላይ ሞተሩ የጠፋ እንደ ሆነ ረዳቱ ፈጥኖ ወርዶ ታኮውን ያስገባል፤ በዚያች ቅጽበት የጭነቱም የሰዉም ሕይወት በእሱ እጅ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ፍተሻ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ውሃውንና ዘይቱን ያያል፤ የጋለ ራዲያተር እንዳይከፍት ይማራል፤ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ነፋስ የሞላ ጎማ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የጎደለው ግን የታፈነ ድምፅ አለው። በመንታው ጎማ መካከል የተቀረቀረ ድንጋይ መኖሩንም ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ተፈናጥሮ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ሦስተኛው ትምህርት ጭነት ነው። ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ማድረግ፣ ሸራ ማልበስ፣ ገመድ መወጠር፣ ጥቂት ከተጓዙም በኋላ ቆሞ የላላውን እንደ ገና ማጥበቅ ይማራል።

ከዚህ በኋላ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ከበስተኋላ ቆሞ መምራት ይመጣል። ረዳት ሾፌሩን ዘወትር «ጋሼ» እያለ በአክብሮት ይጠራዋል፤ በዚህ ሰዓት ግን «ና! ና! ቁረጥ! መልስ! በቃ!» እያለ በአንተ ያዘዋል፤ ሾፌሩም ሳይቀየም ይታዘዛል። ይህች ትንሽ ነገር ብትመስልም ትልቅ ትምህርት አለባት፤ ሥራው ሲያስገድድ ታላቁ የታናሹን ዓይን ያምናል፤ ታናሹም የታመነበትን ሸክም ክብደት ያውቃል።

የትምህርቱ ዋና መፈተኛ ግን መንገዱ ነው። ከኮልፌ ተነሥቶ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጅማ የሚደርሰው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰበታ ወዲያ ያለው ሜዳ ጤፍ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ወደ ወልቂጤ ሲቀርቡ እንሰቱ ይበዛል፤ መኪናውም ያለ ችግር ይጓዛል። ከወልቂጤ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ግቤ ወንዝ መውረድ ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የግቤ ድልድይ የሚገኘው በ1100 ሜትር አካባቢ ነው። ጧት በኮልፌ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣው ረዳት በግቤ ቆላ ሸሚዙን ይፈታል። ድልድዩን ከተሻገሩም በኋላ መኪናው የወረደውን ያህል አቀበት ይጠብቀዋል።

በዚህ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ጥሩ ሾፌር ማርሹን አስቀድሞ ይቀንሳል። ረዳቱ «ጋሼ፣ ገና ሳንጀምር ስለ ምን ቀነሱ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ «ከጀመርን በኋላ መቀነስ አይገኝም፣ ልጄ» ብሎ ይመልስለታል። ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙ ኩንታል የጫነ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል። ሾፌሩ ይህን ግፊት በፍሬን ብቻ ለመያዝ እግሩን ሳያነሣ የረገጠ እንደ ሆነ፣ ፍሬኑ በመፋተግ ብዛት ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ቢረግጡት አይመልስም። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለአስፈላጊው ጊዜ ቀዝቅዞ ይቆያል። ስለዚህ የቀድሞ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ብለው ያስተምራሉ።

በሌላው መኪና የተቀመጠው ረዳት ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። የእሱ ሾፌር ናፍታ ለመቈጠብ ብሎ በቁልቁለቱ ላይ ዜሮ ማርሽ ያደርጋል፤ መኪናውም ከሞተሩ ተለይቶ በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል። አንድ ቀን በደኅና ይደርሳሉ፤ ሁለተኛም ቀን ይደርሳሉ፤ ልጁም ይህን ብልኃት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሾፌሩ እንቅልፍን በጫት እያባረረ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያየ ልጅም ሙያው እንዲህ ያለ ይመስለዋል። ይልቁንም አሳዛኝ የሚሆነው፣ ሾፌሩ ድካም ሲያሸንፈው ፈቃድ የሌለውን ረዳት «ሜዳ ነው፣ ያዘው» ብሎ መሪውን ሰጥቶት የተኛ እንደ ሆነ ነው። ልጁ ይህን እንደ ሽልማት ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ሕግ የሚከለክለው፣ የመንገደኛውንም ነፍስ ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው።

የመንጃ ፈቃድ አሰጣጥ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህም በአዋጅ ቍጥር 1074/2010 ተደንግጓል። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በማሠልጠኛ ተቋም ሕጉንና ምልክቱን ተምሮ፣ በንድፈ ሐሳብና በተግባር ተፈትኖ ማለፍ ይገባዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በባዶ መኪና የተለማመደ ሰው ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ወዲያው 300 ኩንታል ጭኖ ወደ ግቤ ቢወርድ፣ ወረቀቱ ቁልቁለቱን አያለሰልስለትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እንግዲህ አንዱ ልማድ ኖሮት ሕጉን አልተማረም፤ ሌላው ሕጉን ተምሮ ልማድ የለውም። በአሜሪካ አገር ብዙ የጭነት ኩባንያዎች፣ አዲስ ፈቃድ ያወጣውን ሰው ለብቻው ከመላክ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ከአሠልጣኝ ሾፌር ጋራ በመንገድ ያኖሩታል። በዚያ አገር በዚሁ ሙያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ነገሩን ከእነሱ መረዳት ይቻላል። እኛም የረዳትነትን ጥንታዊ ልማድ ከማሠልጠኛው ትምህርት ጋራ አስማምተን፣ ፈቃድ ያወጣውን ልጅ ከታመነ ሾፌር አጠገብ ብናስቀምጠው፣ ሁለቱ ጎዶሎዎች ተገናኝተው አንድ ሙሉ ይሆናሉ።

ስለዚህ ልጁን ለዚህ ሥራ የሚሰጥ አባት ወይም የምትሰጥ እናት፣ ለክርስትና አባት ወይም ለየኔታ የሚጠነቀቁትን ያህል ለሾፌሩም ይጠንቀቁ። ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት የሚጠየቅ አለ። ይህ ሰው በመንገድ ሌሊት ይተኛልን? ቁልቁለት ሲወርድ እንዴት ይወርዳል? ከእሱ ጋራ የነበሩት ረዳቶች ዛሬ የት ደረሱ፤ ፈቃድ አውጥተው ሾፌር ሆኑ፣ ወይስ በየመንገዱ ቀሩ? ልጁን ከራሱ ማዕድ ያበላዋልን፣ ወይስ እንደ ጭነት ይቈጥረዋል? ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአየር ጤና ወይም በ18 ማዞሪያ የሚውሉትን ጎሚስታዎችና ሻይ ሻጮች ቢጠይቁ የእያንዳንዱን ሾፌር ጠባይ ያውቃሉ።

ባለ መኪናውም የበኩሉ ግዴታ አለበት። በአንድ ሌሊት ደርሰህ ተመለስ ብሎ የሚያስጨንቅ ባለ ንብረት፣ ሾፌሩን እንዲቸኩል፣ ረዳቱንም ችኰላን እንዲማር ያደርጋል። ሾፌሩም አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ዝም ብሎ ቢታይም እጁንና እግሩን እየተመለከተ መሆኑን አይርሳ። በኮልፌ የምትጠብቀው እናት ስልኳን አጠገቧ አድርጋ «ግቤን ተሻገራችሁ ወይ?» ብላ የምትጠይቀው ስለ ጭነቱ አይደለምና።

ይህም ልጅ ከዓመታት በኋላ ፈቃዱን አውጥቶ መሪውን ለብቻው በጨበጠ ጊዜ፣ በግራው በነበረው ወንበር ምትክ በቀኙ ሌላ ልጅ ይቀመጣል። ያም ልጅ በግቤ አፋፍ ላይ የሾፌሩን እጅ ይመለከታል። እጁ ማርሹን አስቀድሞ ከቀነሰ እሱም እንደዚያው ያደርጋል፤ ወደ ዜሮ ከሄደም እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ የዛሬውን መምህር መርጦ መስጠት ለገዛ ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ ከእሱ በኋላ በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን ቤተሰብ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።