ወጥ ቤቱ ጠፋ፤ ናቾስ ተገኘ!

ለዛሬ የምወስዳችሁ ራቅ ወዳለ አገር ነው። በአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት ከሳን አንቶኒዮ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው ኢግል ፓስ የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወንዝ ነው። አሜሪካኖቹ ‹‹ሪዮ ግራንዴ›› ይሉታል፤ ሜክሲኮዎቹ ደግሞ ‹‹ሪዮ ብራቮ››። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ስም! ድልድዩን በእግር ተሻግሬ ፒየድራስ ኔግራስ ገባሁ። የከተማዋ ስም ‹‹ጥቁር ድንጋዮች›› ማለት ነው፤ አካባቢው የድንጋይ ከሰል አገር ነውና።

ምን ልትሠራ ሄድክ ብትሉኝ፣ ሆዴ ነው የወሰደኝ! ‹‹ናቾስ›› የሚባለው ምግብ የተወለደው እዚያ ነው። ለማታውቁት፣ ናቾስ ማለት በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ በዘይት የተጠበሰ ደረቅ የበቆሎ ቂጣ ላይ አይብ አቅልጦ፣ ቃሪያ ጣል አድርጎ በእጅ የሚበላ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. 1943 ገደማ ነው። ኢግናሲዮ አናያ የተባለ ሰው በዚችው ከተማ ‹‹ቪክቶሪ ክለብ›› በሚባል ምግብ ቤት የአስተናጋጆች አለቃ ነበር። አንድ ቀን በኢግል ፓስ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶች ሰብሰብ ብለው መጡ። ወጥ ቤቱ ቢፈለግ የለም! ሰውየው እንግዶቹን በባዶ ሆድ ከመሸኘት ብሎ ራሱ ጓዳ ገባ። ያገኘውን የበቆሎ ቂጣ ቆራርጦ ጠበሰና አይብ አቀለጠበት፤ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ ከላይ አድርጎም አቀረበ። ሴቶቹ ጣታቸውን ላሱ። ስሙ ማን ነው ሲባል የራሱን የቁልምጫ ስም ሰጠው። እኛ ተስፋዬን ‹‹ተስፍሽ›› እንደምንለው፣ እነሱም ኢግናሲዮን ‹‹ናቾ›› ይሉታልና።

አናያ እ.ኤ.አ. በ1975 አረፈ። በዓመቱ፣ በ1976፣ ፍራንክ ሊበርቶ የተባለ የሳን አንቶኒዮ ነጋዴ ሳይጠነክር የሚቆይ ፈሳሽ የአይብ መረቅ አዘጋጅቶ አርሊንግተን በሚገኝ የቤዝቦል ስታዲየም ናቾስ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላማ ምግቡ ዓለምን አዳረሰ። አናያ የባለቤትነት መብት አልነበረውም። ገንዘቡ ለሌላ፣ ስሙ ግን ለእሱ ቀረ።

ፒየድራስ ኔግራስ ውስጥ ከተቀመጥኩበት ምግብ ቤት የቀረበልኝ እንደ ጥንቱ ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ ላይ አይብና አንድ ቀለበት ቃሪያ ብቻ። ሥጋና ቦሎቄውስ ብዬ በአስተርጓሚ ስጠይቅ፣ አስተናጋጁ ሽማግሌ ሳቅ ብለው በአገጫቸው ወደ ወንዙ ማዶ አመለከቱኝ። እውነታቸውን ነው። የተፈጨ ሥጋ፣ ቦሎቄና ከሙን የሚበዛበት ‹‹ቴክስ ሜክስ›› የሚባለው የቴክሳስ አበሳሰል ነው።

ለነገሩ አንድ ትሪ ናቾስ ሁለት ዓለም ነው። በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከአሜሪካ ምድር የተገኙ ናቸው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩት እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። የእኛም በርበሬ ዘሩ ከዚያው ነው። ላሟ፣ አይቡ፣ ሽንኩርቱና ከሙኑ ደግሞ ከወዲህኛው ዓለም የሄዱ ናቸው። እንግዲያው ባዕድ ነው ብሎ መሸሽ የለም!

ያረፍኩት ሳን አንቶኒዮ፣ አንዲት የአገራችን ሴት ቤት ነበር። የምትሠራው በሌሊት ነው። የ15 ዓመት ልጇ ሰሃኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። ‹‹ወንድሜ፣ አንድ ቤት እየኖርን ከተያየን ሳምንት ያልፈናል›› አለችኝ። እንጀራ ስታቀርብ ‹‹በኋላ›› ይላታል። ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትልቅ ትሪ ናቾስ እየሠራች ሰሃን የሚባል ነገር ከጠረጴዛው አነሳች። መብላት የፈለገ ከትሪው! ናቾስ ደግሞ ወደ ክፍል ይዘውት ቢሄዱ ይላሽቃል። እኔ ባለሁበት ቅዳሜ ልጁ መጣ፤ መሀል ያለውን አይብ የበዛበትን ቁራሽ ከእናቱ ጋር ተሻማ፤ ሳቁ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹እማዬ፣ ከኳስ ቡድኑ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ›› አላት። እሷም አልተቆጣችም፤ አንድ ቁራሽ አንስታ አጎረሰችው። ሁለት ወር የተደበቀ ነገር በአንድ ትሪ ወጣ። ከአንድ ገበታ መብላትን አያቶቻችን ያስተማሩን በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። ለስድስት ሰው ይበቃል።

ቦሎቄው፦ አንድ ብርጭቆ ቀይ ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፉና ውሃውን ድፉት። በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ፣ 30 ቢሆን ይመረጣል፣ እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ይህን እንዳትዘሉት! ጥሬ ቀይ ቦሎቄ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዝ አለው፤ በለዘበ እሳት ብቻ ቢንተፋተፍ መርዙ አይጠፋም። ሲበስል ውሃውን አጥልሉ።

ሥጋው፦ አንድ ትልቅ ሽንኩርት በሁለት ማንኪያ ዘይት አቁላሉ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጨምሩና እስኪጠቁር ጥበሱ። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙንና ጨው ይግባበት። ከሙን እንጂ ነጭ አዝሙድ አይደለም፤ ተጠንቀቁ! የሚያቃጥል የሚወድ ሚጥሚጣ ይነስንስ። ቦሎቄውን ቀላቅሉና ውሃው እስኪደርቅ አማስሉ። መረቅ ካለው ቂጣውን ያላሽቀዋል።

ቃሪያው፦ አምስት ቃሪያ በቀለበት ክተፉ። ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍልታችሁ ጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ።

አይቡ፦ የእኛ የቤት አይብ ጣፋጭ ነው፤ ግን አይቀልጥም። የሚያስፈልገው እንደ ቸዳር ወይም ፕሮቮሎኔ ያለ ጠንካራ አይብ ነው። ሩብ ኪሎ ያህል ራሳችሁ ፈቅፍቁት፤ ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ዱቄት ስለሚነሰነስበት እንደልብ አይቀልጥም።

አቀራረቡ፦ ከሱቅ የተገዛ ደረቅ የበቆሎ ቺፕስ ትሪው ላይ ሳይደራረብ በትኑ። መጀመሪያ ጥቂት አይብ፣ ከዚያ ሥጋና ቦሎቄው፣ ከላይ ቀሪው አይብ። የታችኛው አይብ ቂጣውን ከእርጥበት ይጠብቀዋል። በ200 ዲግሪ የጋለ ምድጃ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ አይቡ እስኪቀልጥ ብቻ። ቃሪያው፣ የተከተፈው ቲማቲምና የድምብላል ቅጠሉ የሚጨመሩት ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው።

ጾመኞችስ? ረቡዕና ዓርብ ሥጋና አይቡን ትታችሁ በቅመሙ የተቁላላ ቦሎቄ፣ ሎሚ የተጨመቀበት አቮካዶና ቲማቲም ቺፕሱ ላይ አድርጉበት። ያጠግባል!

ትሪው እንደወጣ ቤተሰቡ ተጠርቶ ይቀመጥ፤ ናቾስ ዘግይቶ የሚመጣን ሰው አይጠብቅም። መልካም ገበታ፣ ቸር ሰንብቱ!