ሸክላ የያዘው ሌሊት

ፀሐይ ስትጠልቅ ከእንጦጦ ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ የካ የሚወርድ መንገደኛ ከተማዋን አስቀድሞ የሚያገኛት በጆሮው ነው። ከባሕር ዛፉ ሹክሹክታ በታች የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከደወሉ በታች የሾላ ገበያ ጫጫታ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በመገናኛ የሚርመሰመሱት ታክሲዎች ዘፈን ይሰማል። እዚያው የካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። የጠራቢዎቹ ስም ቢረሳም ድንጋዩ እስከ ዛሬ ይመሰክርላቸዋል። ዘፋኝና ሙዚቀኛ ግን እንዲህ ያለ ዐለት የላቸውም። የጭፈራ ሌሊት ሲነጋ ላቡ ይደርቃል፣ ድምፁም ይበተናል። ያን ድምፅ ይዞ የሚያስቀር ሰው ካልተገኘ የአንድ ትውልድ ደስታ ያለ ምስክር ይቀራል።

አምሃ እሸቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ያዥ ነበሩ። ሥራቸውን የጀመሩት በሸክላ መሸጫ ሱቅ ነው። በዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ወጣት በውጭ አገር ሸክላ ይጨፍር ነበር። ይሁን እንጂ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የሠለጠኑ ሙዚቀኞች በየምሽት ክበቡ አዲስ ነገር መጫወት ጀምረው ነበር፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ቅኝቱ የአገር፣ ነሐሱና ጊታሩ ግን የዘመኑ። ዛሬ ዲጄ ተብሎ የሚጠራው ሰው ሙያ መምረጥ ነው፤ ከብዙ ድምፅ መካከል እግርን የሚያንቀሳቅሰውን ለይቶ ማወቅ። ወጣቱ ባለሱቅ ይህ ጆሮ ነበራቸው። ሌሊት በክበብ የሚሰማው ዘፈን ቀን በሱቃቸው መደርደሪያ ላይ አለመኖሩ የከነከናቸውም ለዚህ ነው።

በመካከል ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ለአገሪቱ ቴያትርና ሙዚቃ ታላቅ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ለአዲሱ የምሽት ሙዚቃ ይህን መብት አልተጠቀመበትም። አምሃ ሕጉን ያውቁ ነበር፤ እስር ሊከተል እንደሚችልም አልተሰወራቸውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጸው በራሳቸው ስም አሳተሙ። አምሃ ሪከርድስ እንዲህ ተወለደ። የተፈራው ቅጣት አልመጣም፤ በተከፈተው በር ፊሊፕስም፣ ካይፋም ተከትለው ገቡ።

ዘፋኙና ባንዱ በአንድነት ይቀረጻሉ፤ ቴፑ ባሕር ይሻገራል፤ በመጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ ታትሞ ሸክላው ወደ አገር ይመለሳል። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች በዚህ መንገድ ወጡ። የግርማ በየነ ቅንብር፣ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ተይዞ ቀረ።

ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊ የከተማዋን ሌሊት ቆለፈው። ጨፋሪው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት ከሙዚቀኛው ጋር እስኪነጋ ማደር ተላመደ። አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ከፈቱ። ሱቁ ተዘጋ፤ ሸክላው ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ብዙዎቹን ለዓለም አሰማቸው። አምሃና አለማየሁ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጡት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ተከታትለው አለፉ፤ ድምፁ ቀረ።

የኃይሉ መርጊያም ነገር ይኸው ነው። በዋሊያስ ባንድ ስሙ የታወቀው ይህ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶት በ2013 እንደ ገና ሲያሳትመው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ካሴት በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይጣል መቆየቱ የአንድን ሰው የጥበብ ሕይወት መለሰ!

ዛሬ ደግሞ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ክራርንና ማሲንቆን ከኮምፒውተር ምት ጋር አገናኝተው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ሙዚቃ አምጥተዋል። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014 የወጣው 1432 አር በተባለው የዋሽንግተን አሳታሚ ነው፤ «ዘላለም» የተሰኘው ሥራውም በ2016 የታተመው በኒው ዮርክ ነው። ድምፁ የአዲስ አበባ፣ ማኅተሙ የባሕር ማዶ። የአምሃ ቴፕ ባሕር ሲሻገር አሳታሚው እዚህ ነበር፤ አሁን አሳታሚውም እዚያ ነው።

የጭፈራ ዘፈንን እንደ ቀላል ነገር መቁጠር የተማረው ሰው የቆየ ልማድ ነው። ግጥም በመጽሐፍ፣ ሥዕል በቤተ መዘክር ሲጠበቅ ወጣቱ የጨፈረበት ድምፅ ለሱቅ መደርደሪያ ተተወ። የተረፈውም መምህሩ ወይም ባለሥልጣኑ ስላሰበለት አይደለም፤ አንድ ባለሱቅ ለመታሰር ስለ ደፈረ፣ አንድ ነጋዴም ካሴት ስላልጣለ ነው። በዕድል የተረፈ ሁሉ ግን በዕድል ሊጠፋ ይችል ነበር። ስንቱ እንደ ጠፋ የሚቆጥርልን የለም።

መንገደኛው መገናኛ ሲደርስ ጨለማ ይሆናል። ረዳቱ የሰፈር ስም እየጠራ፣ ሾፌሩ አንድ የቆየ የአለማየሁን ዘፈን ከፍ ያደርጋል። በኋላ ወንበር የተቀመጠችው ተማሪ ዘፈኑ ሲወጣ አልተወለደችም፤ ጣቷ ግን በደብተሯ ላይ ምቱን ትመታለች።