ማኑት ቦል የመጣ ሰሞን

ስለ ቅርጫት ኳስ ሲወራ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የቁሌት ሽታ ነው። በፈረንጆቹ 1985 መገባደጃ፣ እኛ ዋሽንግተን የምንገኝ የፓርኪንግ ሠራተኞች የማታ ፈረቃችንን ስንጨርስ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት እንሰበሰብ ነበር። የረጠበ ካፖርት በር ላይ ተደራርቦ ይሰቀላል፤ ቡናው ይወቀጣል፤ ቴሌቪዥኑ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ያወራል። ማን ይሰማዋል? የእኛ ወሬ የሀገር ቤት ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ ከማን ደብዳቤ መጣ፣ ከማን ቀረ ነው።

አንድ ማታ አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ኧረ ይኼን ሰው እዩልኝ!» ቀና ስንል፣ ከሜዳው ሰው ሁሉ ተለይቶ የወጣ ቀጭን ጥቁር ልጅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ቤቱ በአንዴ ጫጫታ ሆነ። ከመካከላችን በሱዳን በኩል የመጣው ጓደኛችን ብቻ ረጋ ብሎ፣ «የደቡብ ሱዳን ዲንካ ነው። ካርቱም ዲንካዎች ጎረቤቶቼ ነበሩ» አለ።

ያን ማታ ስለ ካርቱም ሲያወራን አመሸ። እሱና ሦስት ስደተኞች በተከራዩት ክፍል ግድግዳ ማዶ፣ ከደቡብ የመጡ የቀን ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። አፈሳ የመጣ ለታ፣ እነዚያ ሰዎች ግድግዳውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉላቸዋል። ያኔ መብራት አጥፍቶ ዝም ነው። በማግሥቱ ደግሞ ፉል በሳህን ይመጣል። የቋንቋ ነገር አልተገናኙም፤ የሁለቱም ዐረብኛ የመከራ ነበር። ከዚያ በኋላ የማኑት ቡድን፣ የዋሽንግተን ቡሌትስ፣ በተጫወተ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከፍ የሚያደርገው እሱ ሆነ።

ክረምቱ ሳይወጣ አለቃችን ሁለት ትኬት ሰጠንና ላንዶቨር፣ ካፒታል ሴንተር ሄድን። የፋንዲሻውና የሰናፍጩ ሽታ፣ የጫማው ጩኸት በወለሉ ላይ! አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ጨዋታው እንዳልገባኝ ሲያዩ፣ ከያዙት ኦቾሎኒ እያካፈሉኝ በጣታቸው ነጥብ አቆጣጠር አስተማሩኝ። ማኑት ኳስ ሲይዝ እጄን ጥብቅ ያደርጋሉ። የኔ ዘመድ መስሏቸው ይሆናል። እኔም አላስተባበልኩም።

ልጁን ከሩቅም ቢሆን በዓይኔ አየሁት። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ነው፤ ውፍረት ግን የለውም። ግንበኛ የመሰሉ ተጫዋቾች በክርናቸው እየገፉ ከቅርጫቱ ሥር ሊያስወጡት ይታገላሉ፤ እሱ አንድ እርምጃ ያፈገፍግና ተመልሶ ይቆማል። ተቃራኒው ጉልበቱን ተማምኖ ዘሎ ሲወረውር፣ ያ እጅ ከየት መጣ ሳይባል ከላይ ይደርሳል። ጧ! ኳሷ ተመልካች መካከል ትወድቃለች። የሰዉ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀልደኞች ስለ ቁመቱ ሲቀልዱ አመቱ አለቀ። እኔ ያኔም ዛሬም ይቆጨኛል፤ ሥራውን ያየለት ሰው ጥቂት ነው። ከብት ሲጠብቅ አድጎ፣ ቅርጫት ኳስን ዘግይቶ ዋውና ካርቱም ውስጥ ተምሮ፣ አሜሪካ ኮሌጅ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያ የኤንቢኤ ዓመቱ ግን 397 ኳስ አግዶ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። አንድ ምሽት ላይ ብቻ 15 አግዷል። በመዝገብ በተያዘ ቁጥር፣ ሌላ ጀማሪ ተጫዋች ከዚያ በፊትም ሆነ እስከዛሬ 397 ደርሶ አያውቅም። ኋላ 1 ሜትር ከ60 የሆነው መግሲ ቦግስ ወደ ቡሌትስ ሲመጣ ጎን ለጎን አቁመው ፎቶ አነሷቸው፤ ያንን ፎቶ ሁሉም ያውቀዋል፤ ይኼን ቁጥር ግን ስንቱ ያውቃል?

እኛ ለምን እንደዚያ እንደወደድነው ሳስበው፣ ቁመቱ አልነበረም። የእኛ ወገኖች በእሱ አገር በኩል ሸሽተው መጡ፤ በዚያው ዘመን የእሱ ወገኖች ከጦርነት ሸሽተው ወደ እኛ፣ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ገብተው ነበር። ደሞዛችንን ከፍለን ለመንገደኛ በፖስታ እንደምናስይዘው ሁሉ፣ እሱም ያገኘውን ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሲሰጥ ኖሮ በመጨረሻ ባዶ እጁን ቀረ። በፈረንጆቹ ሰኔ 2010 በ47 ዓመቱ ቨርጂኒያ ውስጥ አረፈ።

ካፒታል ሴንተር በፈረንጆቹ 2002 ፈርሷል። ምግብ ቤቷም ከተዘጋች ቆየች፤ ጓደኞቼም ተበታትነዋል። ዛሬ ኤንቢኤን የሚያይ ወጣት አፍሪካዊ ተጫዋች ሲያይ አይደነቅም፤ ደግ አደረገ። ማኑት ካይሮ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ያለማመደው የስደተኛ ልጅ ሉኦል ዴንግ አድጎ ኤንቢኤ ተጫወተ፣ ኋላም የደቡብ ሱዳንን ፌዴሬሽን መራ። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካንን አስጨንቆ 101 ለ 100 ሲሸነፍ፣ ሶፋዬ ላይ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

የዚያን ዘመን የዋሽንግተን ሰው የሆናችሁ፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ማኑት ንገሯቸው። ቁመቱን ከኢንተርኔት ያገኙታል፤ እናንተ 397ቱንና ኢታንግን ንገሯቸው።