የእናቴ መቀነት

በእኛ ሰፈር «ምነው ከሳሽ!» ማለት ሐዘኔታ እንጂ ሙገሳ አይደለም። እናቴ ግን በ52 ዓመቷ ስኳር ተገኝቶባት ክብደት እንድትቀንስ በሐኪም ተነገራት። መጀመሪያ በዐቢይ ጾም ምግብ አጥብቃ ቀንሳ ስድስት ኪሎ ወረደች፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሁሉም ተመለሰባት። ለካስ ሰውነት ሲከሳ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፣ ረሃቡም ይብሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጡንቻ ይሳሳል። መቀነሱ አንድ ነገር፣ እንደቀነሱ መቆየቱ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛውን ቀስ ብላ ጀመረች። እንጀራው ግማሽ፣ ጎመኑ በርከት፣ ቡናው ያለ ስኳር፣ ጧት ጧት ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ።

እኔ ግን እንደ ጎረቤቱ እያዘንኩ ጉርሻ አበዛባት ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ከወደድከኝስ ጉርሻውን ተውና ነገ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። አፈርኩ። በማግስቱ አብሬያት ወጣሁ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ኪሎው አልተመለሰም። ድሮ ሁለት ዙር የነበረው መቀነቷ ዛሬ ሦስት ዙር ይዞራታል።

ጓደኞቼ፣ ነገ ለተማሪዎቻችን ስለ ጤና የምናስተምር እኛው ነን። ትምህርቱን ከገዛ ቤታችን ማዕድ እንጀምረው እላለሁ።